የተቀቀለው መጋረጃ

«ተይው፣ ገና ነው! እድፉ የሚለቀው ሲንተከተክ ነው» አለች ንግሥቴ፣ እንጨቱን ወደ እሳቱ እየገፋች።

ደብረወርቅ በረጅም ዱላ በርሜሉን አማሰለች። ውስጡ የሚገላበጠው አንሶላ ወይም ነጠላ አልነበረም። በሰማያዊ መደብ ላይ ነጫጭ ዓሣዎች የሚዋኙበት የፕላስቲክ መጋረጃ ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ ሌላ እንዲህ ያለ መኖሩን የሰማ ሰው የለም።

መጋረጃውን ያመጣችው ኮምቦልቻ ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቷ ፈንታዬ ናት። እናታቸው እትዬ ሸዋረግ ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸው ቁጢጥ ብሎ መታጠብ ስላቃታቸው፣ አባታቸው ቄስ ወልደሩፋኤል ጓሮ ውስጥ የባሕር ዛፍ አጣና ተክለው፣ የዘይት ቆርቆሮ በምስማር በሳስተው ከላይ ሰቀሉላቸው። ቆርቆሮው ሙቅ ውሃ ይሞላል፣ እትዬ ሸዋረግ ከሥሩ ቆመው ይታጠባሉ። እንዲያ ነበር የታሰበው። ችግሩ ከጓሮው በላይ ባለው ጉብታ ላይ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት መሠራቱ ነው። ስብሰባ ሰልችቶት በረንዳው ላይ ሊናፈስ የወጣ ሰው ሁሉ የቄሱን ጓሮ ቁልቁል ያያል። በዚያ ዘመን ደግሞ ስብሰባ ያልሰለቸው ሰው አልነበረም።

«ሊቀ መንበሩ እያየኝ ከምታጠብ ቁርጥማቱ ይግደለኝ» ብለው ነበር እትዬ ሸዋረግ።

ፈንታዬ የዛሬ ዓመት ለገና ስትመጣ ያንን የዓሣ መጋረጃ ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲህ እትዬ ሸዋረግ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆመው ይታጠባሉ። ከመጋረጃው በስተጀርባ ሲያንጎራጉሩ ድምፃቸው እስከ ጎረቤት ይሰማል። ሲጨርሱ ፊታቸው ወዝ ብሎ፣ ዐሥር ዓመት ቀንሰው ይወጣሉ። ደብረወርቅ እናቷን በዚያ ሰዓት ማየት በጣም ትወድ ነበር።

ታዲያ በዚያ ሁሉ ጊዜ መጋረጃው ራሱ ይታጠባል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ሳምንት ሳምንት ውሃና ሳሙና የሚፈስበት ነገር እንዴት ይቆሽሻል? ግን ቆሸሸ። የታችኛው ጫፉ በሻጋታ ጠቆረ፤ ሲነኩት ያሟልጫል። የታችኞቹ ዓሣዎችማ ከሰል ላይ የተንከባለሉ መሰሉ።

ዛሬ ጸሎተ ሐሙስ ነው። ቤቱ ሁሉ ይጸዳል፣ ልብስ ሁሉ ይታጠባል። ፈንታዬም ለፋሲካ ቅዳሜ ትመጣለች ተብላ ትጠበቃለች። ጠዋት እትዬ ሸዋረግ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በር ላይ ቆመው፣ «ደብሬ፣ ያንን መጋረጃ ዓይኑ እስኪበራ እጠቢልኝ» ብለው ነበር። «እንዲህ ሆኖ ብታየው እህትሽ ምን ትላለች? አንድ መጋረጃ መያዝ ያቃታትን ልጅ እንዴት ብዬ አራስ ልታርስ ልላካት?»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ፈንታዬ ሐምሌ ላይ ትወልዳለች፤ የሚያግዛት ሰው ክረምቱን ኮምቦልቻ ይከርማል። ደብረወርቅ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና እንደጨረሰች ለመሄድ ልቧ ቆሟል። የመብራት ከተማ፣ ሙቅ ከተማ፣ ሴት ልጅ ብስክሌት የምትነዳበት ከተማ! ግን የአክስቷ ልጅ ይታይሽም ለዚያው ታጭታለች። ይታይሽ ደግሞ ምንም ነገር ሰብራ አታውቅም፤ ምንም ነገር ስለማትነካ።

ደብረወርቅ መጀመሪያ በሳሙና አሸችው። ጥቂቱ ለቀቀ፣ ጥቂቱ እምቢ አለ። ድንጋይ ላይ አስጥታ በእግሯ ልትረግጠው ስትል ነው የክፍል ጓደኛዋ ንግሥቴ የደረሰችው።

«ፋራ አትሁኚ ደብሬ! እኛ አዲስ አበባ እያለን በርሜል ጥደን በእንዶድ ነበር የምንቀቅለው።»

ንግሥቴ አዲስ አበባ ኖራለች። በሰባ ሰባቱ ድርቅ አንድ ዓመት ከመካነ ሰላም ጠፍታ ከርማ ስትመለስ፣ አጎቷ ቤት እንደነበረች አወራች። ከዚያ ወዲህ በዕረፍት ሰዓት ተማሪው ይከባታል። ውሃ ከግድግዳ ይወጣል፤ መታጠቢያው ከመኝታ ቤት ጋር ነው፤ አጎቷ ጫማቸውን ቤት ውስጥ አያወልቁም። የአጎትየው ቤት በተተረከ ቁጥር አንድ ክፍል ይጨምር ነበር። ደብረወርቅ ግን ክፍሎቹን ቆጥራ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ከፊት ተቀምጣ አፏን ከፍታ ታዳምጣለች። ስለዚህ ዛሬም ሳትጠራጠር በርሜሉን ጣደች።

ውሃው ተንተከተከ። መጀመሪያ መጋረጃው ልፍስፍስ አለ፤ ደብረወርቅም እድፉ እየለቀቀ መሰላትና ፈገግ አለች። ቀጥሎ ዓሣዎቹ ጠበቡ። ከዚያ አንዱ ዓሣ ሌላው ላይ ተለጠፈ። የሚከረፋ ሽታ ሲመጣ ደንግጣ በዱላው ብታወጣው፣ ሰማያዊው ሁሉ ተጨማትሮ አንድ ጥቅልል ሆኖ ወጣ። በርሜሉ ግርጌ ላይ የተኛው ጫፍ ቀልጦ ተጣብቆ ቀርቷል። ስትጎትተው ተቀደደ።

«ንግሥቴ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

ንግሥቴ አንገቷን አስግጋ በርሜሉ ውስጥ አየች።

«እናንተ ስትቀቅሉት እንዲህ ይሆናል? ሲቀዘቅዝ ይመለሳል?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለች ንግሥቴ፤ ድምፇ ተሰነጠቀ። «አይቼው አላውቅም። ከዚህ ከእናንተ ቤት በቀር እንዲህ ያለ መጋረጃ አይቼ አላውቅም።»

«አጎትሽ ቤትስ?»

«አጎት የለኝም።» ንግሥቴ ሥራ ያላት ይመስል እሳቱን ትቆሰቁስ ጀመር። «አዲስ አበባ በየት በኩል እንደሆነችም አላውቅ። እዚሁ ወሎ፣ ደጎሎ ነበርኩ። የምንበላው ሲያልቅ እናቴ ለአንዲት የቡና ቤት ባለቤት ሰጠችኝ። የአልጋዎቹን አንሶላ የማጥበው እኔ ነበርኩ። በበርሜል ነው የምቀቅለው። ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣ። እማምላክን ደብሬ፣ ወተት መስሎ ነው የሚወጣ!»

ደብረወርቅ ተናደደች። የእናቷ መጋረጃ፣ የኮምቦልቻ ክረምቷ፣ ያ ሁሉ አፍ ከፍቶ ማዳመጥ ባንድ ላይ መጣባት።

«ሌላው ይቅር፣ ለእኔ እንኳ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ነሻ ከሁሉ አብልጠሽ የምትሰሚኝ» አለች ንግሥቴ ቀስ ብላ። «አንቺ መስማት ብታቆሚ ለማን አወራለሁ?»

በዚህ መሐል ቄስ ወልደሩፋኤል ለእግር አጠባው ሥርዓት የሚሆን የወይራ ቅጠል ሊወስዱ ከቤተ ክርስቲያን ብቅ አሉ። በርሜሉን አዩ። ዱላው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን አዩ። ጺማቸውን ያዙ።

«የቤተ መቅደሱ መጋረጃ እንኳ የተቀደደው ዓርብ ነው» አሉ። «የኛው አንድ ቀን ቸኮለ።»

ወዲያው በሰሙነ ሕማማት መቀለዳቸው ትዝ ብሏቸው አማተቡ። «ይቅር በለኝ ጌታዬ። አብሽሪ ልጄ፣ በመጋረጃ ሰው አይሞትም።»

«አባባ፣ እርስዎ ለእማዬ ይንገሩልኝ።»

«እኔ? እኔማ የሰው እግር ማጠብ አለብኝ» አሉና ቅጠላቸውን ይዘው፣ ለዕድሜያቸው በማይመጥን ፍጥነት ወጡ።

ሳይቆይ የእትዬ ሸዋረግ ሳቅ ከመንገድ ተሰማ። ብቻቸውን አልነበሩም። በአቀስታ በኩል የመጣው አውቶቡስ ፈንታዬን ከታሰበው ቀን ቀድሞ አድርሷታል፤ እናትና ልጅ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተገናኝተዋል። ሕማማት ስለሆነ መሳሳም የለም፤ እጅ መጨባበጥም የለም። እትዬ ሸዋረግ ልጃቸውን ከዓመት በላይ አላዩም፣ ሆዷም ገፍቷል። እጃቸው አምልጧቸው እንዳያቅፋት በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውት፣ አንድ ጊዜ በግራ አንድ ጊዜ በቀኝ እየዞሩ በዓይናቸው ብቻ ይስሟታል።

«እማዬ፣ እስከ እሑድ እንዲህ ስትዞሪኝ ልትከርሚ ነው?» አለች ፈንታዬ እየሳቀች፤ ጓሮ ስትደርስ ግን ሳቋ ቆመ። «እንዴ! ምን ተቃጥሎ ነው?»

ደብረወርቅ መጋረጃውን ከኋላዋ ለመደበቅ ሞከረች። ሰማያዊው በግራም በቀኝም ብቅ አለ።

«ዓሣዎቼ!» አሉ እትዬ ሸዋረግ። «ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይሄ ነው! ፕላስቲክ ይቀቀላል ያለሽ ማነው?» ዓይናቸው ንግሥቴ ላይ ዐረፈ። «ደግሞ አንቺ እዚህ ቆመሽ! አዲስ አበባ ኖረሽ፣ ወጉን ሁሉ አይተሽ፣ ዝም ብለሽ ታያታለሽ? ወይስ አንቺ ነሽ ቀቅዪው ያልሻት?»

«አዲስ አበባ ነበርሽ እንዴ?» ፈንታዬ ደስ ብሏት ወደ ንግሥቴ ዞረች። «እኔም እኮ ነርስነቱን የተማርኩት እዚያ ነው። የት ሰፈር ነበርሽ?»

ንግሥቴ መሬት መሬት አየች።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «እሷ ናት» ብትል ደብረወርቅ አልዋሸችም፤ ጥፋቱም ከጫንቃዋ ይወርድ ነበር። አፏን ስትከፍት ራሷም ምን እንደምትናገር አታውቅም ነበር።

«የቀቀልኩት እኔ ነኝ» አለች። «እንዴት እንደሚታጠብ አላውቅም። አውቃለሁ ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ኮምቦልቻ ይታይሽ ትሂድ» አሉ እትዬ ሸዋረግ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን እያሹ ወደ ጉብታው ቀና አሉ። በረንዳው ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ሲጋራ ያጨሳሉ። «እኔም ወደ ሳፋዬ መመለሴ ነው» አሉ፤ ለማንም አልነበረም።

ደብረወርቅን ከቁጣው ይልቅ ይሄ ባሰባት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ኧረ ተይ እማዬ፣ ጥፋቱ የኔም ነው» አለች ፈንታዬ። ሆዷን ይዛ ጎንበስ ብላ የተረፈውን ጫፍ ገለጥ ገለጥ አደረገች። «ሳመጣው እንዴት እንደሚያዝ አልነገርኳችሁም። ይሄ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ ነው የሚታሸው። ጥቁሩ እምቢ ሲል ሎሚ ይቀባል። ታጥባችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ዘርግታችሁ አድርቁት። እርጥቡን ሰብስባችሁ ስለምትተዉት ነው የሻገተ። ኮምቦልቻ ስመለስ ሌላ እፈልጋለሁ፤ እስኪገኝ አንድ ነገር ጋርዱበት።»

እናትና ልጅ ወደ ቤት ገቡ። ደብረወርቅና ንግሥቴ ሁለት ጆንያ አምጥተው፣ ተርትረው፣ በወስፌ እየሰፉ ያገጣጥሟቸው ጀመር። ጆንያ የመጋረጃን ያህል አያምርም፤ ግን ቢያንስ ከሊቀ መንበሩ ይጋርዳል። ንግሥቴ ስፌት ትችላለች፤ ጥብቅ አድርጋ፣ እኩል እኩል አድርጋ ትወጋለች። ደብረወርቅ እንዲህ ስትሠራ አይታት አታውቅም። ደጎሎ የለመደችው መሆን አለበት ብላ አሰበች፤ ገና የዘጠኝ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆና፣ ያንን ሁሉ አንሶላ።

«ለምን አልተናገርሽብኝም?» አለች ንግሥቴ ዓይኗን ከወስፌው ሳታነሣ።

«በርሜሉን የጣድኩት እኔ ነኛ።»

«ኮምቦልቻ ቀረብሽ እኮ።»

ደብረወርቅ ትከሻዋን ነቀነቀች። ልቧ ግን እንደ ትከሻዋ ቀላል አልነበረም። «ይታይሽ እኮ ልጅ ማዘል እንኳ አትችልም» አለች፤ ሁለቱም ሳይፈልጉ ሳቁ፣ ሕማማት መሆኑ ትዝ ብሏቸው አፋቸውን ያዙ።

ጆንያው ተሰቀለ። ንግሥቴ ጫፉን ወደ ታች ሳብ አድርጋ አየችው፣ አቧራውን አራገፈች፣ እንደገና ሳበችው።

«ገብቼ ልንገራቸው» አለች።

«ምኑን?»

«የት ሰፈር እንደነበርኩ ጠይቀውኝ የለ? ደጎሎ ነበርኩ ልበላቸው። ቀቅዪው ያልኩሽም እኔ እንደሆንኩ።»

ደብረወርቅ እናቷን ታውቃቸዋለች። ወሬ ማስተላለፍ አይወዱም፤ ግን ሆዳቸው ውስጥም አያድርም። ፋሲካ ሳያልፍ መንደሩ ይሰማል፣ ትምህርት ሲከፈት ክፍሉ ሁሉ ይሰማል። ያን ቀን በዕረፍት ሰዓት ንግሥቴ ብቻዋን ትቆማለች። ደግሞም እናቷ ይህን ከሰሙ ኮምቦልቻን እንደገና ያስቡበት ይሆናል። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ መምጣቱ ደብረወርቅን አሳፈራት፤ ግን መጣ። ስለዚህ «ሂጂ» ማለትም ከበዳት፣ «ተይ» ማለትም ከበዳት።

«ካልፈለግሽ እኔ ለማንም አልናገርም» አለች።

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው የምነግራቸው።»

ንግሥቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ቤቱ ሄደች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከውስጥ የእናትና የልጅ ጨዋታ ይሰማል፤ ፈንታዬ ስለ ኮምቦልቻ አንድ ነገር ታወራለች፣ እትዬ ሸዋረግ ይስቃሉ። ንግሥቴ እጇን ወደ በሩ ዘረጋች፣ መለሰችው።

ደብረወርቅ ከጓሮው ሆና አየቻት። ከዚያ ወስፌውን አጣናው ላይ ሰክታ፣ ፈጠን ብላ ደረሰችባት።

«ስለ አንሶላዎቹም ንገሪያቸው» አለቻት በሹክሹክታ። «ወተት መስለው ነው የሚወጡት በያቸው።»

በሩንም ራሷ ከፈተችው፤ አብራትም ገባች።