ቅርፊቱ ሳይሰበር

እኔ ነስሩ፣ ከዊንጌት እስከ ጳውሎስ ያለ የዳቦ ቤት ፎርኖ ሁሉ በእጄ ያለፈ፣ ማንም ሳያስተምረኝ የማሽን በሽታ በጆሮዬ ብቻ የማውቅ ሰው ነኝ፣ ጂን ምናምን ሲሉኝ "መጀመሪያ ፊውዙን አይታችኋል?" ብዬ ነው የምስቀው፣ አሁንም ብስቅ ደስ ይለኝ ነበር።

የእህቴ ልጅ ሰሚራ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ትማራለች፣ የመመረቂያ ሥራዋ በዓይን የማይታዩ የካርቦን ኳሶች መሥራት ነው፣ ውስጣቸው ክፍት ሆኖ በእያንዳንዱ ውስጥ አንዲት የኒኬል ብረት ፍሬ የምትንከባለልባቸው። ጋዝ በቅርፊቱ ቀዳዳ ይገባል፣ ብረቷን ሲነካ ቶሎ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል፣ ብረቷ ግን በዛ ቀዳዳ መውጣት አትችልም፣ ጥበቡ እሱ ነው አለችኝ። ኳሶቹን የምታሞቅበት የትምህርት ቤቷ ምድጃ ሲበላሽ አየር የማያስገባ ፎርኖ ሠራሁላት፣ እመኑኝ፣ ከውጭ ከመጣው ይበልጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት እኔ ጋ የመጨረሻውን ዙር አሙቃ ጨረሰች፣ ያ ሁሉ ልፋቷ የሻይ ማንኪያ የማትሞላ ጥቁር ዱቄት ሆኖ ብልቃጥ ውስጥ ገባ፣ ሌላ የላትም፣ በማግስቱ ለአስተማሪዋ በማይክሮስኮፕ ልታሳይ ነው። እሷ ልትሰግድ ስትገባ እኔ ጆሮዬን ልፈትን ብዬ ብልቃጡን ነቅነቅ አደረግኩት። ወላሂ ሰማሁ። ሽክ ሽክ፣ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ሽንብራ፣ ግን ከሩቅ። እጄን አቆምኩ፣ እሱ አልቆመም። ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት፣ ቀረበ፣ ቀረበ፣ ከዛ ቀጥ አለ። ክዳኑ እንደታሸገ ነው። ለሰሚራ ምንም አልነገርኳትም፣ ትስቅብኛለች ብዬ።

በማግስቱ ደወለች፣ ድምጿ አላማረኝም።

"አጎቴ፣ ብልቃጡን ከፍተኸው ነበር?"

"ኧረ እኔ አልከፈትኩም።"

"ኳሶቹ ባዶ ናቸው። ከማሞቄ በፊት አይቻቸዋለሁ፣ ሁሉም ውስጥ ብረቷ ነበረች።"

ምርቃቷ እንዳይቀር ጥፋቱን ልውሰድ ብዬ፣ ፎርኖዬ ብረቷን አቅልጧት ይሆናል አልኳት፣ ብትቀልጥም እዛው ውስጥ ትቀር ነበር አለችኝ፣ ከቅርፊቶቹ አንድም የተሰበረ የለም። ምርቃቷ ተላለፈ፣ ሥራውንም እያለቀሰች ከዜሮ ጀመረች።

እኔስ? አንገቴን ወደ ቀኝ ሳዞር ሽክ ይል ጀመር። አንድ ሐኪም ጆሮዬን በባትሪ አይቶ ንጹህ ነው አለኝ፣ እኔም "እንግዲያው ባዶው ጭንቅላቴ ነው" ብዬ አሳቅኩት። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለዘይነባ ስነግራት እሷም ሳቀች፣ ጆሮዋን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችና እስቲ ተነቅነቅ አለችኝ፣ ተነቀነቅኩ፣ ሳቋን አቆመች።

"ቀረበ" አለች።

ከዛ በኋላ እኔ ጋ ዝም አለ፣ ይሄው ጤነኛ ነኝ። ዘይነባ ግን ሽንኩርት እየከተፈች በየመሃሉ ራሷን ዘንበል አድርጋ ትቆማለች፣ ምን ሆንሽ ስላት ምንም ትለኛለች። ሰሚራ ደግሞ ቅዳሜ ልትጠይቀን ትመጣለች፣ ዘይነባን ስትስም ጉንጯን ለጥፋ ነው፣ ቶሎም አትለቃትም።