መርከቡ ውስጥ አቤት አይባልም

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ስትነግረኝ ስቄያለሁ። ግን የምር የሆነ ነገር ነው።

በፈረንጆቹ 2012፣ ጥቅምት ላይ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙ ዳር።

አረጋሽ ላንድማርክ የሚባለው ሰፈር ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። ፓርኪንጓ ላይ የቆመን ጎረምሳ በፒጃማ ወርዳ የምታስነሳ ሴት! እሷን ማስፈራት ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ላይ ግን ችክ ትላለች። ልጇ ስሂን ስትጠራ «ዋት?» ካለች፣ ጉድ ፈላ።

«አቤት ነው የሚባለው! አሳዳጊ የለሽም እንዴ?»

የዚያን ቀን ወደቡ ላይ አንድ ባለ ሸራ የጦር መርከብ ቆሞ ነበር። እንደ ድሮው ከእንጨት የተሠራ፣ መድፍ የደረደረ። ልጅቷ ለመነቻት፣ ገቡ።

ላዩ በጎብኚ ተጨናንቋል። በመሰላል ወደ ታች ወረዱ...

ማንም የለም።

የላዩ ጫጫታ ቀጥ አለ። ወለሉ ርሷል። አረጋሽ አንዱን መድፍ ነካ አደረገችው...

ይፋጃል።

«ማም... ሌትስ ጎ» አለች ስሂን በሹክሹክታ።

ከጨለማው ውስጥ የወንድ ድምፅ ተጣራ።

«አረጋሽ!»

ሥራ ቦታ እንኳ «አሪ» ነው የሚሏት። ይሄ ግን እንደ ሰፈሯ ሰው ጥርት አድርጎ ጠራት። አፏ ቀደማት።

«አቤት!»

ላይ ደወል ተደወለ። መርከቡ ነቅነቅ አለ።

ከመድፎቹ መካከል አንድ ሰው ብቅ አለ። የድሮ የካፒቴን ኮት ለብሷል። ከእጅጌው ውሃ ይንጠባጠባል... ጠብታው ግን ድምፅ የለውም።

«ባሕረኛ አልቆብኛል» አለ፣ በአማርኛ። «እዚህ ተጠርቶ አቤት ያለ ከእኔ ጋር ይሄዳል። አንቺ ብለሻል።»

ፈገግ ብሎ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ስሂን!»

ልጅቷ እንደተማረችው አፏን ከፈተች። «አቤ...»

እናት በመዳፏ ክድን!

«ዋት በይው! ከፈለግሽ ስደቢው!»

«ስሂንዬ...» አለ ካፒቴኑ፣ እንደ አባት ለስለስ ብሎ።

«ዋት?!» አለች ልጅቷ እያለቀሰች።

ፊቱ ተለወጠ። የአረጋሽን ክንድ ጨመደደ። እጁ በረዶ ነው።

«አንቺስ ብለሻል።»

«እኔ አቤት ያልኩት ጨዋ ስላሳደገኝ ነው! ልገዛልህ መሰለህ?»

በጥፊ አጮለችው። ጥፊውን አላየሁም፤ ግን በሯን ስትዘጋ የእኔ ሳህኖች ይንጫጫሉ፣ ከዚያ ተነስቼ እገምታለሁ።

ልጇን እየጎተተች መሰላሉን ወጣች። ላይ ከጎብኚው አንድም ሰው የለም። በመርከቡና በወደቡ መሀል ውሃው እየሰፋ ነው...

ልጇን አቅፋ ዘለለች።

የወደቡ ሳንቃ ላይ በጉልበቷ ወደቀች። ተላጠች፣ ደማች። ስሂን ግን እቅፏ ውስጥ ናት።

ቀና አሉ። ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ የለም። የመርከቡ ሸራ ግን በሙሉ ተነፍቶ ወደ ወንዙ መሀል ይነጉዳል።

«ማም...»

ስሂን ጣቷን ቀሰረች።

መርከቡ ላይ፣ መሪውን ጨብጣ የቆመችው... ሌላ አረጋሽ ናት፤ ያቺ አቤት ያለችው። ያው ሹራብ። ያው ፊት። አታለቅስም። ደረቷን ነፍታ ወደፊት ታያለች።

እግሯ ሥር ካፒቴኑ ተንበርክኮ ወለል ይወለውላል።