በተዘጋው ባሕር የሞተው ዘብ

ቡራዊ የተገኘው ማለዳ ውሃው ሲሸሽ ነው። የከርከና ደሴት አጥማጆች ከዘንባባ ዝንጣፊ በሠሩት የዓሣ አጥር ሥር በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተጠመጠመው ገመድ ኦክቶፐስ የሚያዝባቸው ትንንሽ የሸክላ ማሰሮዎች ታስረውበታል።

መርማሪ ዳሊላ ከስፋክስ ከተማ በጀልባ ስትደርስ መንደሩ ገዳዩን መርጦ ጠበቃት።

«ላስዓድ ነው! መረቡን እየጎተተ የባሕሩን ወለል ሲገፍፍ ሁለቴ ያስያዘው ቡራዊ ነው» አሏት።

ቡራዊ የባሕሩ ዘብ ነበር። ኦክቶፐስ በሚራባበት ወራት መንደሩ ከማጥመድ እጁን ሊሰበስብ፣ አንድ የባሕር ጥበቃ ፈንድ ደግሞ በምትኩ ለየቤቱ ሊከፍል ተዋውለዋል። ባሕሩ ከተዘጋ ሰነበተ፤ ክፍያው ግን አልመጣም።

«ለምን?» ስትል ዳሊላ የፈንዱን ተወካይ ኒዛርን ጠየቀችው።

«ከበላይ ፊርማ እየተጠበቀ ነው።»

«ሰዉ እስከዚያ ምን ይብላ?»

ኒዛር መነጽሩን መጥረግ ጀመረ።

ላስዓድ ረጅም፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነው። «ጠላቴ ነበር፤ አልክድም» አላት። «ግን በማሰሮ? ማሰሮ የድሃ ዕቃ ነው፣ እህቴ። ትናንት አመሻሽ ጀልባዬ ከአጥሩ ብዙም አትርቅም ነበር፤ የሚጣራ ሰው አልሰማሁም።»

ሟቹ የሚኖረው ከእህቱ ከማህቡባና ከባሏ ከህሚዳ ጋር ነበር። ህሚዳ ወንበር ያቀረበላት በቀኝ እጁ ብቻ ነው፤ ግራ ክንዱ ድሮ ተሰብሮ ከክርኑ እንደታጠፈ ቀርቷል።

«ከቡራዊ ጋር ትጣሉ ነበር?»

«እኛ? ከአንድ ሳህን የምንበላ ሰዎች!»

«ትናንት ምን በላችሁ?»

«ምንም» አለች ማህቡባ።

ከሰዓት በኋላ ዳሊላ ሁሉንም በዓሣ ገበያው ጣሪያ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ማሰሮዎቹ አረንጓዴ ለብሰዋል፤ ባሕር ውስጥ ከርመዋል ማለት ነው። ከእናንተ አንዱ ተደብቆ ሲያጠምድ ቡራዊ ደረሰበት። ማን? ከማሰሮ እስከ ማሰሮ ያለውን ገመድ አጥማጅ የሚለካው እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ነው። እስቲ ላስዓድ ይዘርጉ።»

በሁለቱ ማሰሮዎች መካከል ያለው ገመድ ከላስዓድ ደረት ብዙም አላለፈም። ሌሎቹም ሞከሩ፤ ለሁሉም አጠረ። ህሚዳ ተራውን አልጠበቀም። ተነስቶ አንዱን ማሰሮ በቀኙ፣ ሌላውን በታጠፈው ግራው ያዘ። ገመዱ ልክ ቀጥ አለ።

«ህሚዳ!» ብላ ማህቡባ ጮኸች።

«ልግደለው ብዬ አይደለም። ‹ለማንም አልናገርብህም፤ ግን ኦክቶፐሷ እንቁላል ላይ ናት፣ ልልቀቃት› አለኝ። የልጆቼ ሆድ ታየኝና ገፋሁት። ገመዱ እግሩን ያዘው፤ ማሰሮዎቹ ይዘውት ወረዱ። በዚህ እጄ ጎተትኩ... አልቻልኩም።»

«ላስዓድ ቅርብ ነበሩ። እርስዎ ለምን አልተጣሩም?»

«ቢመጣ ማሰሮዎቹን ያያል። አንድ ማሰሮ ከተገኘ የመንደሩ ሁሉ ክፍያ ይሰረዛል።»

ዳሊላ ወደ ኒዛር ዞረች። «እውነት ነው?»

«ውሉ እንደዚያ ይላል» አለ፣ ቀና ሳይል።

ማህቡባ መጥታ ዳሊላ እግር ሥር ተንበረከከችና የገመዱን ጫፍ ያዘች።

«እሱን ውሰጂው» አለቻት። «ይሄን ግን ለመንደሩ ስትዪ ተዪልን።»

ዳሊላ ገመዱን መጠቅለል ጀመረች። ማህቡባ አልለቀቀችም።