ሳልነካት የምትነሳዋ መኪናዬ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ አምኜ አላውቅም። ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው፣ የሰው ደም ጠብታ ማይክሮስኮፕ ስር አድርጌ፣ ያለውን አለ የሌለውን የለም ብዬ ጽፌ የምፈርም ሰው ነኝ፣ ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ፀዳ የሚኖሩት ጎረቤቶቼ የእከሌ ቤት ጣሪያ ላይ ሌሊት ሌሊት ድንጋይ ይወረወራል እያሉ ሲንሾካሾኩ እንኳ «የሰፈር ጎረምሳ ይሆናል» ብዬ ልብሴን አጥቤ የምገባ ነኝ። ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ አፍሬም ተናድጄም ነው፣ ይበልጡን ግን ተናድጄ፣ ምክንያቱም ሰው በሕይወቱ አንዴ ጉድ ሊገጥመው ከሆነ ቢያንስ ደርዝ ያለው ነገር ይገጥመዋል እንጂ እንዴት በመኪና ሪሞት ይሆናል?

መኪናዋ ባለቤቴ ሰሎሞን አዲስ አበባ ካለ ሰው የገዛት አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ናት። ሰሎሞን ሪሞት ያለው ነገር ሲያይ ልቡ ይቀልጣል፣ ይችን የወደዳትም ለሌላ አይደለም፣ ከቁልፏ ጋር አንዲት ጥቁር ሪሞት ስላለቻት ነው፣ ሁለቴ ጫን ጫን ሲያደርጋት መኪናዋ ከሩቅ ጢጥ ጢጥ ብላ ፍሬቻዋን ታበራና፣ በሯ እንደተቆለፈ፣ ማንም ሳይገባባት ሞተሯ ይነሳል። ምን ያደርጋል ብትሉት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ብርድ ላይ ላለመቆም ነው ይላችኋል። ፀዳ ላይ ምን ብርድ አለና ነው! እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ሻዩን ይዞ መስኮት ላይ ይቆምና ሪሞቷን ወደ ግቢው ደግኖ ያስነሳታል፣ ከዚያ ዞር ብሎ እኔን ያየኛል፣ እንዳጨበጭብለት።

ይሁን፣ ባል ነው ብዬ ቻልኩት። ኋላ ግን መኪናዋ ማንም ሳያዛት መነሳት ጀመረች። መጀመሪያ እኔ ነድቻት በሄድኩበት ሥራ ቦታዬ ነው፣ የበሩ ጥበቃ መጥቶ «እመቤት፣ ማኪናሽ ተነስታ ቆማለች፣ ሰው የለባትም» አለኝ፣ ወጥቼ አጠፋሁ፣ በሳምንቱ ገበያ ላይ፣ ከዚያ ልቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት እሷ ውጭ ታጉረመርማለች። እመኑኝ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፌ የቀዳሁትን ቤንዚን ቆማ ነው የጠጣችው። አዘዞ ያለ መካኒክ ሁለት ቀን አቆይቶ «ደህና ናት» ብሎ መለሰልኝ። ሰሎሞን ደግሞ «ቦርሳሽ ውስጥ ማበጠሪያሽ እየተጫናት ነው» አለ፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑ ነው። አንድ ቀን በጣም ብሽቅ ብዬ ሪሞቷን በካቻቢቴ ፈለቀቅኳትና ክቧን ባትሪ አውጥቼ ኩሽና መደርደሪያ ላይ ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ አስቀመጥኳት፣ ከዚያ ወዲያ በብረት ቁልፏ ብቻ ሆነ፣ ሦስት ሳምንት ሰላም አገኘሁ።

እንግዲህ ስለ አያ እንየው ልንገራችሁ። አያ እንየው የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተ አሳድገው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ዳባት አካባቢ ገብስና ባቄላ ያርሳሉ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ጎንደር አምጥቼ የቀኙ ኦፕራሲዮን ተደረገላቸው፣ በፋሻ እንደተሸፈነ ወደ ቤታቸው ይዣቸው እየሄድኩ ነበር። ግራውም ቢሆን የሚያየው ጥላ ጥላ ነው፣ ጆሯቸው ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ በሬያቸው ሲያመሰኳ ከአልጋቸው ሆነው ይሰሙታል።

ከጎንደር ወጥተን ዳገቱን እንደያዝን «ይች ማኪና ሸጋ ናት፣ ግን ያችኛይቱ ምነው አታልፈንም?» አሉኝ።

«የትኛዋ አያ?»

«ኋላችን ያለችው።»

በመስታወቱ አየሁ፣ መንገዱ ባዶ ነው። «የለችም አያ፣ የራሳችን ድምፅ ነው» አልኳቸው፣ ወዲያውም ረሳሁት።

ኮሶዬ ስንደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ጉሙ ከገደሉ ተነስቶ መንገዱን ሸፍኖታል፣ መብራት አብርቼ እንኳ ከአፍንጫዬ አሥር እርምጃ አላይም፣ እስኪገልጥ እህል እንቅመስ ብዬ ከመንገዱ ዳር ካለ ምግብ ቤት ደጃፍ አቆምኳት። ቤቱ የወይዘሮ ዘርፌ ነው፣ ከፊቱ አስፋልት፣ ከጀርባው ትንሽ ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ ገደል። ውስጥ ከኛ ሌላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ብቻ ጥብሱን ይበላል። ሽሮ አዘዝን።

እጃችንን ታጥበን ሳንጨርስ ጢጥ ጢጥ አለች።

ደሜ ነው የፈላ። ወጥቼ፣ በቁልፍ ከፍቼ፣ አጠፋኋት። ቦርሳዬን ከፍቼ ሪሞቷን አየኋት፣ ባትሪ የለባትም፣ ባዶ ቀፎ ናት። ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ ሽሮው መጣ፣ አንድ ጉርሻ ለአያ እንየው እንዳጎረስኩ እንደገና ጢጥ ጢጥ፣ ሞተሯ ተነሳ። አጥፍቼ ደጅ ቆሜ ለሰሎሞን ደወልኩ።

«ሰሌ፣ ባትሪዋ የት ነው ያለችው?»

«የቷ?»

«የሪሞቷ! ኩሽና ሂድና እይ!»

ሲሄድ ሰማሁት። «እዚህ አለች፣ ስኳሩ አጠገብ። ምን ሆንሽ?»

«መኪናህ ተነሳች።»

«ባትሪዋ ቢወጣም እኮ ትንሽ ኃይል ይቀራል...»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ?» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ሾፌሩ ጩኸቴን ሰምቶ ወጣ፣ ነገርኩት፣ ሳቀ። «ይሄማ ቀላል ነው፣ ዋናውን ባትሪ እንፍታውና ትረፊ» አለና ከመኪናው አሥር ቁጥር ቁልፍ አምጥቶ ኮፈኑን ከፈተ፣ አንደኛውን የባትሪ ገመድ ፈትቶ ወደ ጎን አጠፈው። እኔ ራሴ በእጄ ይዤ አየሁት፣ ምንም አልነካም። ቁልፉን ከትቼ ሞከርኩ፣ የዳሽቦርዱ መብራት እንኳ አልበራም። ድንጋይ ሆናለች። «አሁን ከተነሳች እኔ መንጃ ፈቃዴን እመልሳለሁ» አለ፣ ተሳስቀን ገባን።

አያ እንየው ቦታቸው ላይ የሉም።

«ለሽንት ብለው በጓሮ ወጡ፣ ልምራዎት ብላቸው እንቢ አሉ» አለች ወይዘሮ ዘርፌ፣ ንግግሯን ሳትጨርስ የራሷም ፊት ተለወጠ። በጓሮ በር ወጣሁ፣ ጉሙ ግድግዳ ነው፣ እጄን ብዘረጋ ጣቴ አይታየኝም። «አያ! አያ እንየው!» እያልኩ ጮህኩ፣ ድምፄ እዚያው አፌ ላይ ቀረ። ሾፌሩ በግራ፣ ወይዘሮ ዘርፌ በቀኝ፣ እኔ መሃል ሆነን እየተጣራን በእርምጃ ሄድን፣ «ከዚህ በላይ እንዳትሄጂ፣ ገደሉ ነው» ብላ ቀሚሴን ያዘችኝ። ቆምን። አደምጣለሁ። አንድ ነገር አስቡልኝ፣ እዚያ ቆሜ በሕይወቴ አድምጬ እንደማላውቅ ነው ያደመጥኩት፣ ሞተር አልሰማሁም፣ ጢጥ የሚል ነገርም አልሰማሁም፣ ሦስታችንም አልሰማንም፣ ውሃ ከሣሩ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ብቻ ነው። ዓይናቸው በፋሻ እንደተሸፈነ ትቻቸው፣ በመኪና ተናድጄ፣ ያሳደጉኝን ሰው ለገደል ሰጠኋቸው እያልኩ እንደገና ተጣራሁ።

ሩብ ሰዓት ይሁን ግማሽ አላውቅም፣ ከፊት ለፊት በአስፋልቱ በኩል «ልጄ» የሚል ድምፅ ሰማን። ሮጥን። አያ እንየው ጋቢያቸው እርጥብ፣ አንድ እግራቸው ጭቃ፣ ዘንጋቸው የለም፣ ነጯ መኪና አጠገብ ቆመዋል።

«ሸጋ አረግሽ ሳታጠፊያት» አሉኝ።

«ምኑን አያ?»

«ማኪናዋን። ልውጣ ብየ ወጣሁ፣ ስጨርስ የቤቱ አቅጣጫ ጠፋኝ። ኋላ ማኪናሽ ተነሳች፣ እሰይ አልሁና ወደ ድምጡ ሄድሁ። እየቀረብኋት ስሄድ መሬቱ ቁልቁል ሆነ፣ ምነው እንዲህ ነበር እንዴ መንገዱ አልሁ። ያኔ ከኋላየ ሌላይቱ ተነሳች።»

«ሌላይቱ ማን ናት?»

«ሌላይቱ ማኪና ነቻ! ድምጣቸው አንድ ነው። ያች ኋላየ ያለችይቱ ግን ጢጥ ጢጥ አለች፣ ቆምሁ። ፊቴ ያለችይቱ ዝም ብላ ታጉረመርማለች፣ ኋላየ ያለችይቱ ጢጥ ጢጥ ትላለች። የትኛይቱ ናት የኛ ብየ ዘንጌን ወደፊት ብሰደው መሬት አጣ። ከእጄ ወደቀ። ሲያርፍ ድምጡን አልሰማሁም። ከዚያ ዙሬ ጢጥ የምትለውን እየተከተልሁ መጣሁ፣ እዚህ ስደርስ ዝም አለች።»

ሾፌሩ ኮፈኑን አነሳ። ገመዱ እንዳጠፈው ተኝቷል። ገመዱን አየ፣ አያ እንየውን አየ፣ ኋላ ወደ ጉሙ አየና «እናንተ ከመጣችሁ ወዲህ በዚህ መንገድ አንድም መኪና አላለፈም» አለ፣ ለማን እንደሚናገር አላውቅም። ገመዱን መልሶ አሠረልኝ፣ ጥብሱን ሳይጨርስ ከፍሎ ሄደ።

አያ እንየው ግን አልገባም አሉ። በእጃቸው ኮፈኑን፣ በሩን፣ ጣሪያዋን እየዳሰሱ ዞሯትና «ይችኛይቱ ናት?» አሉኝ።

«አያ! እኔ ያለችኝ አንድ መኪና ናት!» ብዬ ጮህኩባቸው፣ ያሳደጉኝ ሰው ላይ ጮህኩ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አማትበው ገቡ። እስከ ዳባት ጆሯቸው ወደ ኋላ ነበር።

ማታ ቤት ተመልሼ ለሰሎሞን ስነግረው «የገደል ማሚቶ ነው» አለ። የምኑ ማሚቶ? የሞተች መኪና ምን ጮኻ ነው የሚያስተጋባው? ተጣላን። በማግስቱ ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ወስደን ሪሞቱን ከነሥሩ ንቀልልን አልነው፣ ከዳሽቦርዱ ስር አንዲት ትንሽ ሣጥን ከነገመዷ አውጥቶ ከፈታት፣ ውስጧ አረንጓዴ ዝገት ብቻ ነው። «ውሃ ገብቶባታል፣ ይች ከሠራች ዓመት ሳይሆናት አይቀርም» አለን። ከገዛት ጀምሮ ባትሪዋን እስካወጣሁበት ቀን ስምንት ወር ሙሉ በየጠዋቱ መስኮት ላይ ቆሞ ሲያስነሳት የነበረው ባለቤቴ ሣጥኗን ተቀብሎ እያገላበጠ ደጋግሞ አያት።

ያ ሁሉ አልፏል ብዬ ላበቃላችሁ እፈልግ ነበር። ግን አንዳንድ ጠዋት፣ ጥርሴን እየቦረሽኩ፣ ከአጥሩ ውጭ ሞተር ሲነሳ እሰማለሁ፣ ወጥቼ አያለሁ፣ መኪናዬ ግቢ ውስጥ ናት፣ ኮፈኗን ብነካው ቀዝቃዛ ነው። በሩን ከፍቼ ደጅ ባይ ማንም የለም። ሰሎሞን ይሰማ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፣ ሻዩን ግን አሁን የሚጠጣው ከመስኮቱ ርቆ ሳሎን ነው።

አያ እንየው ባለፈው እሑድ በልጃቸው ስልክ ደወሉልኝ። ዓይናቸው ድኗል፣ ገብሱን ከሩቅ ያዩታል፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማኪናሽ ዛሬም ጢጥ ጢጥ ትላለች?» አሉኝ።

«አትልም አያ፣ አስነቀልነው እኮ፣ ተገላገልን» አልኳቸው፣ ንዴት ንዴት እያለኝ።

በስልኩ ውስጥ በር ሲዘጉ ሰማሁ።

«ምነው ልጄ፣ ምነው አስነቀልሽው? ታዲያ አሁን ከዚያችኛይቱ በምን ትለያታለሽ?»