የተጠገነችው ቲማቲም

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ መጣ፤ ቶሎ ሄደ። ጎመኑ ቀነጨረ፣ ካሮቱ ጣት ሳያክል ቀረ፣ ቃሪያው አበባውን አራገፈ። የቧንቧ ውሃም ከጠፋ ሰነበተ። በዚህ መሀል አናጺው ከጓሮው የውሃ ገንዳ ሥር ሞቶ ተገኘ። የገንዳው ጠርዝ አናቱን መትቶታል።

መርማሪዋ ስትደርስ የሟቹ ሚስት ወንድም፣ ሾፌሩ፣ በካቴና ታስሮ ቆሟል። ማታ ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«መኪናዬን በገንዳው ውሃ ልጠብ ብዬ። ‹ተክሎቼ እየሞቱ!› ብሎ አበደብኝ። ግን አልነካሁትም!»

ሬሳው ሲነሳ ከትከሻው ሥር የተጨፈለቀ ጥሬ ቲማቲም ከነቅጠሉ ወጣ። አጠገቡ የቆመችው ተክል ግንዷ ተሰብሮ፣ በእንጨት ተደግፋ በጨርቅ ታስራለች።

«ይህችን ማን አሰራት?»

«እንጃ» አለች ሚስትየዋ። «ማታ ደህና ነበረች። እኛ የምናስረው በሽቦ ነው፣ ጥብቅ አድርገን።»

«እኔን እንዳትጠይቂኝ» አለ ሾፌሩ። «ቲማቲም የማውቀው ሰላጣ ላይ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ጎረቤቱ፣ ወደ ጡረተኛው ፖስተኛ ጓሮ ገባች። የአትክልት መደቡ ለምለም ነው። አፈሩን ቆንጥራ አሸተተች።

«ውሃ ከየት አመጡ?»

«የዕቃ እጣቢ ነው፣ ልጄ።»

የቲማቲሞቹን ማሰሪያ አየችና ሁሉንም ገንዳው ዘንድ ሰበሰበች። እሷ ግን አንድ ቦታ መቆም አቅቷት በመደቦቹ መሀል ትመላለስ ነበር።

«ተክሏ የተሰበረችው ሟቹ ሲወድቅባት ነው፤ ፍሬዋ ከሥሩ ተገኝቷል። እንግዲህ ያሰራት ሰው፣ እሱ ከወደቀ በኋላ እዚህ ነበር። ሾፌሩ ተክል አያውቅም። ሚስቱ በሽቦ ጥብቅ አድርጋ ነው የምታስረው። ይህ ግን ግንዱ እንዲወፍር ላላ ብሎ፣ በግንዱና በእንጨቱ መሀል ተጠላልፎ የታሰረ ነው። የእርስዎ ቲማቲሞች ሁሉ እንዲህ ነው የታሰሩት። አፈርዎም እርጥብ ነው፤ የሳሙና ሽታ ግን የለውም። ውሃው ከዚህ ገንዳ ነው።»

ፖስተኛው መሬት መሬቱን አየ።

«ስቀዳ ያዘኝ። ባልዲውን ሲቀማኝ ገፋሁት።»

«ጋሼ!» አለች ሚስትየዋ። «እሱን ጥለው ቲማቲም ያስታምማሉ?»

«እሱ አልቆለት ነበር፣ ልጄ። እሷ ገና ነበረች። እጄ ዝም ብሎ አሰራት።» ወደ ታሰረችው ተክል ጠቆመ። «አትክልቴን ውርጭ የፈጀው ጊዜ የዚህችን ዘር የሰጠኝ እሱ ነው። ‹ሲያፈራ ዘሬን ትመልሳለህ› አለኝ። ዛሬ ነገ ስል ስንት ዓመት አለፈ።»

ፖሊሱ የሾፌሩን ካቴና ፈታ።

«አንዴ ብቻ» አለ ሽማግሌው። ከፖሊሱ ጋር ወደ መደቡ ሄዶ የቀላውንና ትልቁን ቲማቲም ቀጠፈ፤ በሚስትየዋ መዳፍ ላይ አኖረላት።

ልትወረውረው እጇን አነሳች። እጇ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ በአውራ ጣቷ ሰነጠቀችው፤ ዘሩን መሀረቧ ላይ ዘረገፈችና ፀሐይ ላይ አሰጣችው።