የተቀነጠሱ ቅጠሎች

ድንቢጥ ችግኙን ከነላስቲኩ ወደ ብርሃን ከፍ ስታደርገው ጫፉ ላይ የጥፍር ምልክት አየች። ቅጠሉ ረግፎ አይደለም፣ ተቀንጥሷል። አጠገቡ ያለውም እንደዚያው። ዘጠኝ ቆጠረች።

የትምህርት ቤቱ የግብርና ክበብ ሁለት የካሳቫ ማባዣ ዘዴዎችን ሲያወዳድር ሦስት ወር ሆነው። እሷ ክንድ የሚያህል ግንድ እየቆረጠች መደብ ላይ ተከለች። ጓደኛዋ ሎጋው ግን ግንዱን ሁለት ሁለት የቡቃያ ዓይን እያስቀረ ከታተፈና በላስቲክ ውስጥ ችግኝ አፈላ። እሷ ከአንድ ግንድ ሦስት ችግኝ ስታወጣ እሱ አሥር ያወጣል፤ ግንዱ የታመመ ከሆነ ግን አሥሩም በሽተኛ ናቸው። ባለፈው ሳምንት «አርባውም ችግኜ ጤነኛ ነው፣ መዝገቡ ላይ ጻፊው» አላት። እሷም ሳታይ ጻፈች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብሯት የተቀመጠን ልጅ ምን ብላ ትጠርጥረው?

«ቅጠሉን የቀነጠስከው አንተ ነህ?»

ሎጋው ውሃ ማጠጫውን አስቀመጠ። «ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ተጨማዶ ነበር አይደል?»

«ቅጠሉ ብቻ እኮ ነው። አታካብጂ።»

«በሽታው ግንዱ ውስጥ እንዳለ አብረን ነው የተማርነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አዲሱም ቅጠል ተጨማዶ ይወጣል።»

«ያኔ ችግኙ የሰው ማሳ ላይ ነው። ማን መጥቶ ይጠይቀናል?»

ድንቢጥ ወደ በሩ ዞረች። ችግኙን ዛሬ የሚወስዱት ወላጆች በር ላይ ተሰልፈዋል፤ ከፊት የቆመችው ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ዐምና የአክስቷ ካሳቫ ሥሩ ጣት አክሎ ቀረ። ማሳውን ሙሉ ነቅለው ያቃጠሉት እሷና አክስቷ ነበሩ። «ዘንድሮ ንጹሕ ችግኝ አመጣልሻለሁ» ያለቻትም እሷው ናት።

«አክስቴ ናት እኮ የምትወስደው።»

«ለእሷ ደህና ደህናውን እመርጥላታለሁ፣ በቃ።»

«የታመመውንስ ለማን ልትሰጠው ነው?»

ሎጋው ውሃ ማጠጫውን መልሶ አነሳ።

«ደግሞስ በምን ትመርጣለህ? የትኛው ከየትኛው ግንድ እንደወጣ ምልክት አድርገሃል?»

አላደረገም። እንግዲህ አርባውም መጣል አለበት። የእሷ አሥራ ሁለት ችግኞች ደግሞ ለከርሞ ግንድ ከእነሱ እንዲቆረጥ ለክበቡ የተያዙ ናቸው፤ ለማንም አይሰጡም።

አክስቷ ሰፌድ የሚያህል ቅርጫት ታቅፋ ገባች። «እሺ የኔ ልጅ፣ ከየቱ ልጀምር?»

«ምንም አትውሰጂ አክስቴ። በሽታ አለበት።»

አክስቷ ችግኞቹን አየች፣ ከዚያ እሷን አየች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ለድንቢጥ ይሻላት ነበር። «እና ዘንድሮ ምን ልተክል ነው?» አለች ቀስ ብላ።

ድንቢጥ መዝገቡን ከፈተች።

«ተይ» አላት ሎጋው። «ከዚህ በኋላ አንተዋወቅም።»

«አርባ ጤነኛ» የሚለውን ሰረዘችና ከሥሩ «ሳላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች። ከዚያ መዝገቡን ይዛ የክበቡን መምህር ፍለጋ ወጣች።