በደል ያልነካው እጅ

ነሚያ ከመላኳ በፊት ወደ ኦርሙት ዋሻ የተላኩት ሰባት ልጆች የጠፉት ክፋት ስለተገኘባቸው አይደለም፤ ምንም ስላልተነገራቸው ነው።

የኤልማር መንግሥት ቀዳሚት የሚባል ደወል ነበረው። ቀዳሚት በተደወለ ቁጥር አራስ ሁሉ የመጀመሪያውን ጩኸት ይጮኽ ነበር። ከሰባ ዓመት በፊት ኦርሙት የተባለው ፊት የሌለው ፍጡር ደወሉን ሰረቀ። ከዚያ ወዲህ ከሦስት ሕፃናት አንዱ ዓይኑን ገልጦ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይወለዳል። ጡት ይጠባል፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ በአሥረኛው ቀን ይሞታል።

ጠቢባኑ «ደወሉ የሚወጣው አንድ ሰው በፈቃዱ ውስጥ ሲቀርና ማንንም ያልበደለ እጅ በሩን ከውጭ ሲዘጋ ነው» ብለው ተነበዩ። ነገሥታቱም ያልበደለ እጅ ለማሳደግ ነጩን ቤት ሠሩ። ወደዚያ የሚገባ ሁሉ ክፉ ወሬ አብሮት እንዳይገባ ደጃፉ ላይ አፉን በጨው ውሃ ይጉመጠመጣል። ሞት የሚባል ቃል እዚያ አይነገርም። ሠራተኛ ሲሞት «ገበያ ሄደ» ይባላል።

ነሚያ በዚህ ቤት አሥራ ሰባት ዓመት ኖረች። ንጉሥ ጋልሞድ በዙፋኑ ፊት አቁሟት «በአባቶቼ አጥንት እምላለሁ፤ ቀዳሚትን ይዘሽ ብትመለሺ የኤልማር እናቶች ስምሽን ከስሜ አስቀድመው ይጠሩታል!» ሲላት እጅ ነሣች። በሩን ስለ መዝጋት አንድም ቃል አልነገራትም።

አብሯት የተላከው ወርዳን የሚባል አንደበተ ስል ወታደር ነው። ሚስቱ ሴት ልጅ ከወለደችለት ሰባት ቀን ሆኗል። ልጅቱ አልጮኸችም።

በመንገዱ አጋማሽ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ነሚያ ዞር ዞር ብላ አየች።

«ጋሼ ወርዳን፣ ገበያው በየት በኩል ነው?»

«የምን ገበያ? ሽንኩርት አማረሽ?»

«ሞግዚቴ እማማ ዲሪት የሄደችበት። ከሄደች ስድስት ዓመቷ እኮ ነው። አትክልተኛውም እዚያ ነው። ምን ቢገዙ ነው እንደዚህ የሚቆዩት?»

ወርዳን ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ለነጩ ቤት ልጆች ምንም እንዳይናገር በሰይፉ ምሎ ነበር። ሰይፉን ፈትቶ ገደል ወረወረውና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ከሞት ጀምሮ ነገራት። እሷም ቆማ ሰማችው።

«ሰባተኛዋ ስትመጣ የተራራው ዘብ ነበርኩ» አለ በመጨረሻ። «ደወሉን ይዛ ወጣች። አብሯት የተላከው ሰው ውስጥ ቀረ። መቅረት ምን እንደሆነ ስለማታውቅ ደጃፉ ላይ ጠበቀችው። ሲቆይባት ልትጠራው ደወሉን እንደያዘች ተመልሳ ገባች።»

«ዝጊው አላላችኋትም?»

«ምለናል አልን።»

«አንተም?»

«እኔም።»

«እማማ ዲሪት ሞታለች» አለች ነሚያ፣ ቃሉን ቀምሳው እንደማታውቀው ምግብ እያኘከች። «እና ዛሬ የምትቀረው አንተ ነህ?»

«ሌላ ሰው አየሽ እንዴ? ንጉሡማ ሥራ በዝቶባቸዋል።»

ዋሻው የጨው ነበር፤ ግድግዳው ከራሱ ያበራል። ሰባቱ ልጆች በሰባት ድንጋይ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዳቸውም አላረጁም። ሁሉም ፈገግ ብለዋል፤ ሽፋሽፍታቸው ላይ ጨው ተጋግሯል። ከእነሱ ቀጥሎ ስምንተኛ ድንጋይ አለ፤ ተጠርጎ፣ ተወልውሎ። ደወሉ ከፊቱ ተቀምጧል።

ነሚያ ደወሉን አነሣች። ያን ጊዜ የሰባቱ አፍ በአንድነት ተከፈተና ኦርሙት በልጆቹ ድምፅ ተናገረ።

«አውቀሻል። ያወቀ እጅ ንጹሕ አይደለም፤ በሩ አይታዘዝሽም። ነይ ተቀመጪ። ሁሉን አስረሳሻለሁ። ሰውየውን እለቅልሻለሁ። ዲሪት ሽንኩርት ትመርጣለች፤ አሁን ትመጣለች።»

ነሚያ ስምንተኛውን ድንጋይ አየችው። ድንጋዩ ምቹ ይመስል ነበር። ወርዳን ይህን ለእሷ ሊወስንላት አልቻለም።

«ማወቅ በደል አይደለም» አለች ነሚያ። «እነዚህ ልጆች ማንንም አልበደሉም፤ የመበደል ምርጫ ሰጥቷቸው የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ። እኔም እስካሁን አልበደልኩም። በሩ እስኪገጥም ድረስ እጄ ንጹሕ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔው እሸከመዋለሁ።»

የሰባቱ ፈገግታ ባንድ ጊዜ ጠፋ።

ወርዳን ስምንተኛው ድንጋይ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። «ይቀዘቅዛል» አለ። «ልጄን ስታገኚያት አባትሽ ጀግና ነበር እንዳትዪያት። የሰባተኛዋን ልጅ ነገር ንገሪያት።»

«እነግራታለሁ።»

የበሩን ደፍ ተሻግራ ወጣች። ቀዳሚት በክንዷ ላይ ሳትመታው ጮኸ፤ ተራራው መልሶ አስተጋባ። በስተኋላዋ አንድ ነገር በጨው ላይ እየተሳበ ወደ በሩ ይመጣ ጀመር። ከታች ካለው መንደር ደግሞ ነሚያ በሕይወቷ ሰምታው የማታውቀው ቀጭን፣ የተቆጣ ድምፅ ተነሣ፤ ሌላም ተከተለው።

«ጩኸት ማለት ይኸ ነው?» ብላ ጠየቀች በሩን ይዛ።

«እሱ ነው» አለ ወርዳን ከውስጥ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየችም። «በይ እንግዲህ።»

ፊቱን አይታ፣ ስሙን ጠርታ፣ በሩን ዘጋችው።